የወሎ ናሙናዎችን ከውጭ ሙዚየሞች በኮምፒውተር ማፈላለግ፦ ከፍለጋው እስከ ካርታው

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ የሚማሩ ልጆች ከወሎ ተሰብስበው ውጭ ሙዚየም የገቡ የእንስሳትና የዕፅዋት ናሙናዎችን መፈለግ ሲጀምሩ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። ናሙናዎቹ የተመዘገቡበት ዳታቤዝ ላይ «ወሎ» ብለው ይጽፋሉ፤ ጥቂት መስመር ይወጣል፤ «ብዙም ነገር የለም» ብለው ይዘጉታል። ሌሎቹ ደግሞ የኢትዮጵያን ዳታ ጠቅላላ አውርደው በኤክሴል ይከፍቱና ወዲያው ካርታ ላይ ይበትኑታል። ካርታው ያምራል። ብዙ ነጥብ ግን ሰብሳቢው ያልረገጠው ቦታ ላይ ያርፋል።

መመሪያው የተጻፈው ለሳይንስ ታሪክ አጥኚ ነው። ጥያቄው ዛሬ ስንት ወፍ አለ አይደለም። ናሙናውን ማን፣ መቼ፣ የት ሰበሰበው? ዛሬስ የማን መሳቢያ ውስጥ ነው? ስለዚህ መጀመሪያ ከናሙናው ጋር የተያያዘው መለያ ወረቀት ይነበባል፤ ካርታው በኋላ ይደርሳል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስምንት ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ጫኑ፦ ለማጽዳት ኦፕን ሪፋይን፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ። ኦፕን ሪፋይን በብራውዘር ይከፈታል እንጂ የሚሠራው እናንተው ማሽን ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ጂቢፍ ላይ በኢሜይል አካውንት ክፈቱ። ጂቢፍ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ያለ፣ የዓለም ሙዚየሞችና ሄርባሪየሞች (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻዎች) ዳታቸውን የሚያወጡበት ነፃ ቋት ነው። መፈለግ ያለ አካውንት ይቻላል፤ ማውረድ ግን አይቻልም።

ከዚያ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «የወሎ የተፈጥሮ ታሪክ» ጥያቄ አይደለም። «ዊልያም ብላንፎርድ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ መቅደላ ሲጓዝ የትኛውን እንስሳ የት ሰበሰበ?» ግን ጥያቄ ነው። ብላንፎርድ የጂኦሎጂ ሰው ነበር፤ የጉዞውን የጂኦሎጂና የእንስሳት ጥናት በ1870 አሳትሟል። ከዚህ በታች እሱን ምሳሌ እናደርገዋለን።

ደረጃ 1፦ የስም ዝርዝር አዘጋጁ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። የሚወድቁትም እዚህ ነው።

የአንድ ቦታ ስም በላቲን ፊደል አሥር ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ጣልያን «ወ»ን በደብልዩ አይጽፍም፤ በዩ ይጀምራል። ፈረንሳይ ኦ እና ዩ አስከትሎ ይጽፋል። ጀርመን «የ»ን በጄ፣ «ሸ»ን በኤስ-ሲ-ኤች ይጽፋል። ጣልያን «ኪ»ንና «ኬ»ን በሲ-ኤች ይጽፋል፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ «ቺ» እና «ቼ» ብሎ ያነበዋል። ውጫሌን ውሰዱ። የውሉን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። ጣልያኖች የጻፉት ግን ዩ፣ ሲ፣ ሲ፣ አይ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኤል፣ አይ ብለው ነው። በደብልዩ የፈለገ ሰው መቼም አያገኘውም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. አንድ ሰንጠረዥ ክፈቱ። በግራ በኩል ቦታውን በአማርኛ ጻፉ፦ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ቦርከና፣ በሸሎ፣ ላሊበላ፣ መቅደላ።
2. ጎኑ ላይ ለእንግሊዝ፣ ለጣልያን፣ ለፈረንሳይና ለጀርመን አንዳንድ አምድ ስጡ፤ የየቋንቋውን አጻጻፍ ሙሉ።
3. የድሮና የዛሬ ስም ካለ ሁለቱንም አስገቡ። የመቅደላ አምባ ዛሬ አምባ ማርያም ይባላል። መቅደላ የሚለው ደግሞ የወረዳ ስም ሆኗል።
4. የድሮ አገር ስሞችንም ጨምሩ። አቢሲኒያ በየቋንቋው የራሱ አጻጻፍ አለው። በጣልያን ዘመን ናሙና ላይ ደግሞ «የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ» በሦስት ፊደል አጥሮ ይገኛል።

የሳይንስ ስምም ይለዋወጣል። ኮሶ ዛሬ ሐጌኒያ አቢሲኒካ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ላይ ግን ብራዬራ አንተልሚንቲካ ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ጂቢፍ የታወቁ ተለዋጭ ስሞችን ራሱ ያገናኛል። በተቃኙ (ስካን በተደረጉ) የድሮ መጻሕፍት ውስጥ ስትፈልጉ ግን የድሮውንም ስም ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ደረጃ 2፦ አውርዱ፤ ግን ሁለት ጊዜ

ካርታ ላይ ሳጥን ስሎ መፈለግ ቀላል ነው። ለዛሬዎቹ የሰሜንና የደቡብ ወሎ ዞኖች ኬክሮስ ከ10 እስከ 13፣ ኬንትሮስ ከ38 እስከ 40.5 ብትሉ ሰፋ አድርጎ ይይዝላችኋል። ችግሩ ሳጥኑ የሚያገኘው ኮኦርዲኔት (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ያላቸውን ብቻ መሆኑ ነው። በ1868 የተጻፈ ወረቀት ላይ ኮኦርዲኔት አይጠበቅም። ሙዚየሙ በኋላ ካልጨመረው ናሙናው ከሳጥኑ ውጭ ይቀራል። ለታሪክ አጥኚ የሚጠቅመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያ የቀረው ነው።

1. የመጀመሪያው፦ በሳጥን። «ቤዚስ ኦፍ ሪኮርድ» (የመዝገቡ ዓይነት) በሚለው ማጣሪያ «ፕሪዘርቭድ ስፔሲመን» (የተጠበቀ ናሙና) የሚለውን ምረጡ፤ ፎቶና ምልከታ እንዳይቀላቀል።
2. ሁለተኛው፦ አገር ኢትዮጵያ፣ ኮኦርዲኔት የሌላቸው ብቻ። «ቤዚስ ኦፍ ሪኮርድ» ያው ይሁን።
3. የጉዞ መስመር የምትከታተሉ ከሆነ ኤርትራንም ጨምሩ። የ1868ቱ ጦር ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ ነው መቅደላ የደረሰው። «አቢሲኒያ» ተብሎ የተመዘገበ ናሙና ከሰንዓፌ ሊሆን ይችላል።

ተጠንቀቁ፦ በክፍለ ሀገር ስም አታጣሩ። የድሮው ወሎ ክፍለ ሀገር ዋግንና ላስታን ይዞ እስከ አውሳ ይደርስ ነበር። አንዱ ሙዚየም «ወሎ» ይላል፣ ሌላው «አማራ»፣ ሌላው ባዶ ይተወዋል። በዓመትም አታጣሩ። ማጣሪያው ቀን የሌላቸውን ናሙናዎች ጠራርጎ ያስወጣቸዋል፤ ቀን የሌለው ናሙና ደግሞ ያረጀ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የማውረጃ ዓይነት ሲጠየቅ «ዳርዊን ኮር አርካይቭ» የሚለውን ውሰዱ። ቀለል ያለው ፋይል ማራኪ ነው፤ ነገር ግን ሙዚየሙ የላከውን ያልተነካ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ አይዝም። በአርካይቩ ውስጥ «ቬርባቲም» የሚል ለብቻው የተቀመጠ ፋይል አለ። የእናንተ ወርቅ እሱ ነው።

ፋይሉ ሲዘጋጅ ኢሜይል ይመጣላችኋል። ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ የለባችሁም፤ ማታ ኔትወርኩ ሲሻል አውርዱት። አብሮ የሚሰጠውን ዲኦአይ ቁጥር (የማውረጃውን ቋሚ መለያ) የዚያኑ ቀን ጻፉ። ዚፑንም ሳትነኩ አንድ ቦታ አስቀምጡ፤ ሰርቨሩ ላይ ለዘለዓለም አይጠብቃችሁም።

ደረጃ 3፦ ፋይሉን በትክክል ክፈቱ

በኤክሴል አትክፈቱ። ይህ ምክር አይደለም፣ ክልከላ ነው። የኤክሴል ቀን የሚጀምረው ከ1900 ነው። የ1868 ቀን ለእሱ ተራ ጽሑፍ ነው፤ የ1937ቱን ግን ራሱ ይቀይረዋል። በአንድ አምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ይሆንባችኋል። «3-12» የሚል የካታሎግ ቁጥርም ወደ ታኅሣሥ ወይም ወደ መጋቢት ቀን ይለወጣል። ሴቭ ካደረጋችሁት አለቀ፤ አይመለስም።

ኦፕን ሪፋይን ውስጥ ሲያስገቡ ሦስት ነገር ይታያል፦

1. አምዶቹን የሚለየው ምልክት ታብ መሆኑን፣ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡ። የጀርመንና የፈረንሳይ ፊደሎች እንግዳ ምልክት ሆነው ከመጡ ችግሩ ይኸኛው ነው።
2. ቁጥሮችን ራሱ እንዲቀይር የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉ።
3. የጥቅስ ምልክትን እንደ ሕዋስ መክበቢያ የሚቆጥረውን ምርጫ አጥፉ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ይበላል። አንድ ወረቀት ላይ ያልተዘጋ ጥቅስ ካለ ፕሮግራሙ የሚዘጋውን እስኪያገኝ ድረስ ቀጣዮቹን ረድፎች ሁሉ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ይውጣቸዋል። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ጂቢፍ የነገራችሁን የረድፍ ብዛትና እዚህ የምታዩትን አስተያዩ። አንድ እንኳ ከጎደለ ሰርዛችሁ እንደገና አስገቡ።

ፕሮግራሙ ከከበደው ወይም ከቆመ ለምን እንደሆነ ስትመራመሩ አትዋሉ። ዕፅዋቱን ለብቻ፣ ወፎቹን ለብቻ፣ ነፍሳቱን ለብቻ አውርዱ።

ከዚህ በኋላ አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ የመጣውን አምድ አትንኩ። ማስተካከል ስትፈልጉ ቅጂ አምድ ፍጠሩና እሱ ላይ ሥሩ።

ደረጃ 4፦ የሰብሳቢዎቹን ስም አሰባስቡ

«ሪኮርድድ ባይ» በሚለው አምድ ላይ ፋሴት (በአምዱ ያሉትን አጻጻፎች ከነብዛታቸው የሚያሳይ ዝርዝር) ክፈቱ፤ ከዚያ ክላስተር። ፕሮግራሙ የሚመሳሰሉ አጻጻፎችን በቡድን ያመጣል። መጀመሪያ «ፊንገርፕሪንት» የሚለውን ዘዴ ተጠቀሙ፤ ጠንቃቃ ነው። ከዚያ ራቅ ያለ ተመሳሳይነትንም ወደሚይዙት ዘዴዎች ሂዱ።

«ሁሉንም ምረጥ» የምትለዋን ቁልፍ ግን እርሷት። ሺምፐር የሚለውን የአባት ስም የሚጋሩ ከአንድ በላይ የዕፅዋት ሊቃውንት በአንድ ዘመን ነበሩ። ከ1837 ጀምሮ ኢትዮጵያ ኖሮ በ1878 እዚሁ ያረፈው ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር አንዱ ነው። ዘመዱ ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር ደግሞ የሞስ (እርጥብ ድንጋይና ግንድ ላይ የሚበቅሉ ጥቃቅን ዕፅዋት) አጥኚ ነበር። የመጀመሪያ ፊደላቸውን ሳታዩ ካዋሃዳችሁ ሁለት ሰው አንድ ሆነ ማለት ነው። በነገራችን ላይ የጌኦርግ ቪልሄልም ናሙና በብዛት ከትግራይና ከሰሜን ተራሮች ነው። «አቢሲኒያ፣ ሺምፐር» የሚል ረድፍ ስላገኛችሁ ወሎ አታድርጉት።

የሺምፐርን ዓይነት ስብስብ አንድ ሌላ ጣጣ አለው። ከአንድ ተክል ብዙ ቅጂ እየተዘጋጀ ለተለያዩ ሄርባሪየሞች ተሽጧል። ለንደን፣ ፓሪስና ፍሎሬንስ ያሉ ሦስት ረድፎች የአንድ ቀን አንድ ቆረጣ ሊሆኑ ይችላሉ። ለመለየት የሰብሳቢውን ቁጥር ተመልከቱ እንጂ የካታሎግ ቁጥሩን አይደለም። የሰብሳቢ ቁጥር ሜዳ ላይ የተሰጠ ነው፤ ሦስቱም ጋ አንድ ይሆናል። የካታሎግ ቁጥር እያንዳንዱ ተቋም የራሱን የሚሰጠው ነው።

ቅጂ መኖሩ ሲጎድልም ይጠቅማል። የበርሊን ሄርባሪየም መጋቢት 1943 በአየር ድብደባ ተቃጥሎ እጅግ ብዙ ስብስብ አጥቷል። በርሊን መሆን የነበረበት ናሙና ካጣችሁ ያንኑ የሰብሳቢ ቁጥር በሌሎቹ ቤቶች ፈልጉ።

ደረጃ 5፦ ቀኑን መርምሩ

የጣልያን ዘመን ወረቀት ብዙ ጊዜ ወሩን በሮማ ቁጥር ይጽፋል፤ እሱ አያሳስትም። «4/6/1937» የሚለው ነው የሚያሳስተው። ሚያዝያ ነው ወይስ ሰኔ? የዚያኑ ሰብሳቢ ሌሎች ረድፎች ተመልከቱ። ከ12 የበለጠ ቁጥር የትኛው ቦታ ላይ እንደሚወድቅ ካያችሁ ልማዱን ታውቃላችሁ።

አገር ውስጥ የተሰበሰበ ከሆነ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ እንዳይሆን ጠርጥሩ። ስትቀይሩ ደግሞ የዛሬውን ቀመር ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን አትውሰዱት። ከ1900 በፊት የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበር። መስከረም 1 የሚውለው በአብዛኛው ሴፕቴምበር 10 ነበር እንጂ 11 አልነበረም። መቅደላ የተያዘችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ማለትም ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። የምትጠቀሙበት መቀየሪያ ይህን ካላመጣ ጣሉት።

ቀኑን ከጉዞው ጋር አጋጥሙት። «መቅደላ፣ ጃንዋሪ 1868» የሚል የጦሩ ናሙና ካገኛችሁ ወይ ቀኑ ወይ ቦታው ተሳስቷል። በዚያ ወር ጦሩ ገና ሰሜን ነበር። እንዲህ ያለውን ረድፍ አትሰርዙ፤ «አጠራጣሪ» የሚል አምድ ጨምሩና ምክንያቱን ጻፉ።

ደረጃ 6፦ ቦታውን ካርታ ላይ አስቀምጡ

ኮኦርዲኔት ይዘው የመጡትን አስቀድማችሁ ፈትሹ። ኪውጂአይኤስ ላይ ጫኗቸውና የተለመዱትን በሽታዎች ፈልጉ፦

ነጥቡ ጣልያን አጠገብ ባሕር ላይ ካረፈ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተገላብጧል። ደሴ በግምት 11.13 ሰሜን፣ 39.63 ምሥራቅ ነው። ገልብጡት፤ ከሰርዲኒያ በስተምሥራቅ ውኃ ውስጥ ትገባለች።

ብዙ ነጥብ አንድ ላይ ተቆልሎ የአገሪቱ መሐል ላይ ከሆነ፣ ሙዚየሙ «ኢትዮጵያ» ከማለት ሌላ ምንም አላወቀም። ለቦታ ጥናት አይሆኑም፤ አውጧቸው።

ነጥቡ ትንሽ ብቻ ከተንሸራተተ የደቂቃ ስሌት ነው። 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ 11.08 አይደለም። 8 ለ60 ተካፍሎ 11.13 ነው የሚመጣው። ልዩነቱ መሬት ላይ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ አውጥቶ ገደል ይከታችኋል።

ከፍታውንም እዩ። 8200 የሚል ቁጥር ሜትር ሊሆን አይችልም። ጫማ ነው፤ 2500 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ የደሴ ከፍታ ማለት ነው። የላስታው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ራሱ 4260 ሜትር ገደማ ነው። አሳሳቹ እንደ 4000 ያለው ቁጥር ነው፤ በሜትር ውርጭ፣ በጫማ ቆላ። መለያ ወረቀቱን ሳታዩ አትወስኑ።

ኮኦርዲኔት ለሌላቸው ራሳችሁ ስጡ። ነጥብ ብቻ አታስቀምጡ፤ ዙሪያውን የጥርጣሬ ክብ ሳሉ፤ ራዲየሱን በሜትር መዝግቡ። «ሐይቅ» ብቻ የሚል ወረቀት ከተማውን ነው ወይስ ውኃውን? ውኃው ራሱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ወፍ ከሆነ ክቡን ሁለቱንም እንዲይዝ አስፉት። ዓሣ ከሆነ ወደ ውኃው አጥብቡት። «ከዚህ ሦስት ሰዓት» የሚል ካጋጠማችሁ የበቅሎ መንገድ ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት አራት አምስት ኪሎ ሜትር ብትገምቱ ያስኬዳል። በሸሎ ሸለቆ ውስጥ ግን መውረዱና መውጣቱ ቀኑን ይበላዋል፤ በቀጥታ መስመር አትለኩ።

የቦታ ስም በራሱ የሚያገኝ ፕሮግራም መቅደላ ስትሉት የወረዳውን መሐል ሊሰጣችሁ ይችላል። አምባውን በሳተላይት ምስል በዓይናችሁ አግኙት።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱን ራሱን አንብቡ

የናሙናው ፎቶ ካለ ክፈቱት። አንድ የሄርባሪየም ገጽ ላይ ሦስት አራት ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። በእጅ የተጻፈውና የደበዘዘው ብዙ ጊዜ የሰብሳቢው ነው። በአታሚ የወጣው የሄርባሪየሙ ነው። ትንሿ፣ ስምና ዓመት ብቻ ያላት፣ ከዓመታት በኋላ ስሙን ያረመው ባለሙያ ያስቀመጣት ናት። ዳታቤዙን የሞላ ሰው የእሷን ዓመት የመሰብሰቢያ ዓመት አድርጎ ሊያስገባው ይችላል። ሰብሳቢው ከሞተ በኋላ የተሰበሰበ ናሙና ካገኛችሁ መጀመሪያ ይህችን ተጠርጣሪ ያዙ።

ፎቶ ከሌለ ወደ ጉዞ መጻሕፍቱ ሂዱ። ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ የድሮ የተፈጥሮ ታሪክ መጻሕፍትን ቃኝቶ በነፃ ያወጣል። የብላንፎርድን ዘመን መጻሕፍት በሳይንስ ስም ፈልጉ። የቃኚው ማሽን የአበሻ ቦታ ስሞችን አበላሽቶ ያነባል፤ በቦታ ስም ብቻ ፈልጋችሁ «የለም» አትበሉ። የሰፈሩባቸውን ቦታዎች በቀን ተራ ጻፉ። ያ ዝርዝር የደረጃ 5 እና የደረጃ 6 ዳኛ ይሆናል።

እዚያው ላይ ሳላችሁ መንገድ መሪውን፣ አስተርጓሚውን፣ ወፍ አምጥቶ የሸጠውን ልጅ ፈልጉ። ናሙናው ላይ ስማቸው የለም። በመጽሐፉ ውስጥ አንዳንዴ በአንድ መስመር ያልፋሉ። ያቺን መስመር ከነገጽ ቁጥሯ መዝግቧት።

ደረጃ 8፦ አገሬውን ጠይቁ

ሊገኝ ያልቻለ ስም ሲቀር ወደ ቦታው ሂዱ፤ ካልሆነም የዚያ አካባቢ ሰው ፈልጉ። አጠያየቁ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። «አባባ፣ ይሄ እገሌ የሚባለው ወንዝ ነው?» አትበሉ። ወሎዬ እንግዳ ማሳፈር አይወድም፤ «አዎ ልጄ» ይላችኋል። «አባባ፣ ይሄ ወንዝ ማን ይባላል? ድሮስ ሌላ ስም ነበረው?» በሉ። ቡናው እስኪፈላ ጠብቁ፤ ሁለተኛው ስም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአቦሉ በኋላ ነው። ያንኑ ጥያቄ ለሌላ ሽማግሌ፣ ለብቻ፣ ድገሙት። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ጻፉ።

እግረ መንገዳችሁን፦ እንደ ቀይ ቀበሮ ያሉ ብርቅዬዎች ዛሬ የሚገኙበትን ትክክለኛ ነጥብ በካርታችሁ ላይ አታውጡ። ለታሪኩ የወረዳ ስም ይበቃል።

ደረጃ 9፦ ለሙዚየሙ ጻፉ

ያገኛችሁትን ስህተት ለራሳችሁ አታስቀሩት። ጂቢፍ ራሱ ዳታውን አያርምም፤ የሚያርመው ባለቤቱ ተቋም ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ገጽ ላይ የተቋሙ አድራሻ አለ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የካታሎግ ቁጥር፣ አሁን የተጻፈው፣ መሆን ያለበት፣ ማስረጃችሁ። በአንድ ደብዳቤ መቶ ረድፍ አትላኩ፤ በአምስት ጀምሩ። ያልተቃኘ ናሙና ካለም እዚያው ጠይቁ። ኦንላይን ያለው ከመሳቢያው ውስጥ ካለው ክፍሉ ብቻ ነው፤ ነፍሳት ላይማ በጣም ጥቂቱ ነው።

መልስ ካልመጣ ከወር በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ። አሁንም ዝም ካሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየምን ለዕፅዋት አማክሩ፤ ቅጂው እዚያ ካለ ከአውሮፓ ደብዳቤ መጠበቅ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ያረማችሁትን ሰንጠረዥ፣ የጥርጣሬውን አምድና የዲኦአይ ቁጥሩን በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ ሌላው ከላፕቶፑ ውጭ በሆነ ቦታ።